የአሰላ ጥርስ

ጠዋት አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው መጀመሪያ ይስቃል። በሩ ላይ ያለችው መስታወት "ፈገግ ይበሉ" ትላለች፣ ጥርስ ይታያል፣ በሩ ይከፈታል። ዳቦ ቤትም እንዲሁ ነው፣ ጤና ጣቢያም እንዲሁ፣ ውሃ ማደያም እንዲሁ። ባሏ የሞተባት ሴት እንኳ ለቀብር የምትሳፈረው ጥርሷን አሳይታ ነው። እኛ የዝዋይ ሰዎች ለምደነዋል፤ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ግን ከተማው በሙሉ በደስታ ያበደ ይመስለዋል።

እኔ ሄርሞን እባላለሁ፤ ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ዓሣ እጠብሳለሁ። ስድሳን አልፌያለሁ። በስንት እንዳለፍኩ ለሚጠይቀኝ ሰው ዓሣውን አሳርሬ ነው የማቀርብለት። ባልም ልጅም የለኝም፤ የምኖረው ከእናቴ ከዳሚቱ ጋር ነው። እናቴ ሰማንያን ከተሻገረች ቆየች። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን፣ ኧረ ተዉኝ፣ የጎረቤቱን ሐሜት በሙሉ ይለቅማል። ከእኔ ሌላ የሚያበላት፣ የሚያጥባት፣ የሚያናድዳት ሰው የላትም።

የእናቴ ጥርስ ቡናማ ነው። ትንሽ የወየበ ማለቴ አይደለም፤ የገል ቀለም ያለው፣ አልፎ አልፎ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ያለበት። የእኛ አገር የጉድጓድ ውሃ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሕፃን ሆኖ የጠጣው ሰው ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ ቀለሙን ይዞ ይሠራል፤ ከበቀለ በኋላ ቢፍቁት፣ ቢቦርሹት፣ ወይ ፍንክች። በእሷ ዘመን ይሄ ትልቅ እፍረት ነበር። ሌላ ከተማ ሲሄዱ "ጥርስ አትቦርሹም እንዴ?" ይባሉ ነበር፤ ሴቶቹ ሲስቁ እጃቸው ወደ አፋቸው ይሄድ ነበር። እናቴ ዛሬም እንደዚያው ናት። ሳቅ ሲመጣባት እጇ ይቀድማታል።

ዛሬማ ነገሩ ተገልብጧል። ሐይቁ እየሸሸ፣ ሰው ደግሞ ከየአቅጣጫው እየመጣ፣ የተጣራው ውሃ አልዳረስ ሲል የውሃ ሕግ ወጣ። ማንኛውም ሰው የሚኖረው በልጅነቱ ውሃ በጠጣበት አገር ነው ተባለ። ያንን የሚናገረው ደግሞ ጥርስ ነው። ስለዚህ ባለ ቡናማ ጥርስ ሁሉ አሁን ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ጎረምሶቹ ጥርሳቸውን ቡናማ ያስቀባሉ፤ መስታወቷ አትሸወድላቸውም እንጂ ለፎቶ ያምራል ይላሉ። የሕፃን የወተት ጥርስ ሲወልቅ ድሮ ጣሪያ ላይ ይወረወር ነበር፤ አሁን በፖስታ ታሽጎ ቀበሌ ይገባል። ጣሪያ ላይ መወርወር ማስረጃ ማጥፋት ነው፣ ያስቀጣል።

እንግዲህ የእኔ ጥርስ ነጭ ነው።

ይሄ የእናቴ ሥራ ነው። የወለደችኝ ዕለት "ይህቺ ልጅ አፏን ሸፍና አትስቅም" ብላ ማለች። እውነትም ማለች። ክረምት ክረምት ከቆርቆሯችን የሚወርደውን ዝናብ በሮቶ ታጠራቅምልኛለች። በጋ ሲሆን ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ደጋው ላይ አሰላ ትወጣና ከምንጭ ቀድታ ትመለሳለች። የአውቶቡስ ረዳቶቹ መሳለቂያ አድርገዋት ነበር። "ሐይቅ ላይ ተቀምጣችሁ ውሃ ከአሰላ! እናንተ ሰዎች ጤነኛ ናችሁ?" ይሏታል። እሷ ጀሪካኖቿን በእግሮቿ መሃል አድርጋ ቁጭ ትላለች። ራሷ የምትጠጣው ግን የጉድጓዱን ነው። ከእኔ ውሃ አንድ ጉንጭ ቀምሳ አታውቅም።

ትምህርት ቤት ኮዳ አንጠልጥዬ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን ስንሯሯጥ ውለን ውሃ ጥም ሊገድለኝ ሲል ከቧንቧው ጠጣሁ። ቤት ገብቼ ስነግራት በጥፊ አለችኝ፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጆቹ "የአሰላ ጥርስ" የሚል ስም አወጡልኝ፤ በቅናት ነው። የፊት ጥርሶቼ ወጥተው ሲያልቁ፣ ስምንት ዓመቴ አካባቢ ይመስለኛል፣ እናቴ ጀሪካኖቹን ለጎረቤት ሰጠችና ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው ከአንድ ጆግ መጠጣት ጀመርን። ወጣት ሳለሁ የከተማው ፎቶ ቤቶች የእኔን ሳቅ መስኮታቸው ላይ ሰቅለውት ነበር። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራ ነው።

የውሃ ሕግ የወጣ ጊዜ ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች "እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት" ብለው መሰከሩልኝና ነገሩ በዚያ አለፈ። መስታወቷ ፊቴን ታያለች፣ ጥርሴን ታያለች፣ ትንሽ ታመነታለች፣ "በምስክር" ብላ ትከፍትልኛለች። ባለፈው ሰኔ ግን ምስክር ቀረ። "ሰው ይዋሻል፣ ጥርስ አይዋሽም" የሚል ወረቀት በየግድግዳው ተለጠፈ። በምስክር የሚኖር ሁሉ የውሃ ልደት ቢሮ ሄዶ ጥርሱን ያስነብብ ተባለ።

ምንም ሳልፈራ ነው የሄድኩት። ምን ያስፈራኛል? ጥርስ የሚያነበው ልጅ ናትናኤል ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓሣ የበላው እኔ ጋ ነው። ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ የእስክሪብቶ ያህል ነገር የላይኛው የፊት ጥርሴ ላይ አስነካና ስክሪኑን አየ። ደግሞ አስነካ። ጥርሴን በጥጥ ጠረገና እንደገና አስነካ።

"እትዬ ሄርሞን፣ አሰላ ነው የሚለው" አለኝ።

"ምኑ?"

"ውሃዎ።"

"አንተ ልጅ፣ እኔ አሰላ አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም! አሰላ የምታውቀው ጀሪካኔን ነው!"

ሳቁ አመለጠውና ወዲያው ፊቱን ሰበሰበ። "አውቃለሁ እትዬ። የእርስዎን ጀሪካን ታሪክ የማያውቅ ማን አለ? ግን የእኔ ማወቅ አይቆጠርም።" ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ከመስከረም በፊት አሰላ መግባት አለብኝ። አንድ ክፍል ተመድቦልኛል፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ንጹሕ አየር ያለው። በትህትና ነው የተጻፈው፤ "እንኳን ወደ ውሃዎ በደህና ተመለሱ" ይላል።

"እናቴስ?" አልኩ።

"እማማ ዳሚቱ የሐይቅ ናቸው። እዚያ ውሃ አይመደብላቸውም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በዓመት አንዴ መጥተው ሊጠይቋቸው ይችላሉ።"

ሰማንያ ያለፋት፣ ማንኪያዋን በዳሰሳ የምትፈልግ ሴት፣ በዓመት አንዴ! ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ልጁ ራሱ ሊያለቅስ ደርሷል። እሱን ሰድቤ ምን አተርፋለሁ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ተቀምጣለች። "ምን ሆነሻል? አረማመድሽ ልክ አይደለም" አለችኝ።

"ጫማዬ ነው" አልኳት።

እንዴት ልንገራት? ያባረረኝ የእሷ ጀሪካን ነው። ትልቁ መልካም ሥራዋ፣ ለሰው ሁሉ ስታወራው የኖረችው፣ ልጄን እንዲህ አድርጌ አሳደግኩ የምትልበት። ሳልነግራት ቀናት አለፉ። ማን እንደሚያጥባት፣ ማን ዓሣውን ከአጥንቱ ለይቶ እንደሚያጎርሳት ለብቻዬ አስባለሁ፤ አስቤ አስቤ አንድም ስም አይመጣልኝም። ማታ ማታ ምግብ ሳቀርብላት ከአጠገቧ እነሳና እቃ ማጠብ እጀምራለሁ።

አልነገርኳትም፤ መስታወቷ ነገረቻት። ቅዳሜ ጠዋት ክንዴን ይዛ ውሃ ማደያ ሄድን። እሷ ፈገግ አለች፣ ድርሻዋን ቀዳን። እኔ ፈገግ ስል ግን መስታወቷ አላመነታችም። በዚያ በሚያምር ድምጿ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ "የአሰላ ነዋሪ፣ እባክዎ ወደ ውሃዎ ይመለሱ" አለች።

እናቴ ክንዴን ጨበጠችው።

"አሰላ ያለችው ማንን ነው?" አለች።

የቀዳነውን አንስቼ ወደ ቤት መራኋት። ቤት ስንገባ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"እኔ ነኝ ያባረርኩሽ" አለች። "በገዛ ጀሪካኔ።"

"ተዪ እማዬ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?"

"እንደ ሰው ልጅ ዝም ብዬ የጉድጓዱን ባጠጣሽ ምን ነበረበት? አፍሽን ሸፍነሽ ትስቂ ነበር። ማን ሞተ በዚያ? እኔስ ሞትኩ?" ምሳም አልበላች፣ ራትም አልበላች።

ሰኞ ዕለት "ጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰጂኝ" አለችኝ። ያመማት መስሎኝ ወሰድኳት። ዶክተር ሶሬቲ የምትባል ወጣት ሐኪም ነች፤ ደርባባ፣ ቀስ ብላ የምታወራ። ገና ሳንቀመጥ እናቴ እኔን ወደ ፊት ገፋችኝና "ልጄ፣ የዚህችን ጥርስ ላዩን ፍቀሽ አንሺልኝ" አለቻት። "አሰላ ያለው ላዩ ላይ ነው አይደል? ፍቀሽ አንሺው፣ ከፈለግሽ ቡናማ አድርጊው።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠጋች።

"እማማ፣ ላዩ ኢናሜል ይባላል። ከሰውነታችን ሁሉ እንደ እሱ ጠንካራ የለም፤ ድንጋይ በሉት። ልጅ ሆነን አንዴ ይሠራል፣ የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ሲወጣ ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ አይጨምርም፣ አይታደስም። ያኔ የገባበት ውሃ እንዳለ ይቀራል። ብፍቀው ደግሞ 'ማስረጃ አጥፍታለች' ተብለው ልጅዎ ይከሰሳሉ።"

"ከሥሩስ ምንድነው?" አለች እናቴ።

"ከሥሩ ዴንቲን ነው። እሱ ለስለስ ይላል፣ ወደ አጥንት ይጠጋል፣ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካን ጥርሳችንን የሚያመን በእነሱ ነው። እሱ አልሞተም። ሰው እስካለ ድረስ ከውስጥ በኩል ስስ ስስ እያለ ይደርባል።"

"ከምን ውሃ?"

ዶክተር ሶሬቲ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ እሷ አየች። "ሰውየው በዚያ ጊዜ ከሚጠጣው" አለች።

ቢሮው የሚያነበው ላዩን ብቻ እንደሆነ፣ ይግባኝ የሚባል ነገር እንዳለ፣ የሚጠይቀው ሰው ግን እንደሌለ ያን ቀን ነው ያወቅነው። ሰው የማይጠይቀውም ወዶ አይደለም። ዴንቲን ለማንበብ ጥርሱ ከነሥሩ ተነቅሎ ለሁለት መሰንጠቅ አለበት። ይግባኙ የሚታየው መጀመሪያ በተነበበው ጥርስ ላይ ነው፤ የእኔ ደግሞ የላይኛው የፊት ጥርስ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ መስታወቷን ስለሚያሳስት ክልክል ነው፣ ክፍተቱ እንደ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ላይ ከተማው የተጣራ ውሃ መጠጣት ከጀመረ ወዲህ የተደረበው ምልክቱ ደካማ ነው፤ ላይታይ ይችላል።

"ካልታየስ?" አልኩ።

"ካልታየ ጥርሱም ሄደ፣ እርስዎም ሄዱ" አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ።

እናቴ ብድግ አለች። "አይሆንም! የፊቱን? ሞቼ እገኛለሁ!" እጇን ዘርግታ ፊቴን ፈለገች፤ ጣቷን ከንፈሬ ውስጥ አግብታ ጥርሴን ዳሰሰችው። "ይሄን? አሰላ ሂጂ። እኔ ከአሁን በኋላ ስንት ዓመት እኖራለሁ ብለሽ ነው? ጥርስሽን ይዘሽ ሂጂ።"

አንጀቴን በላችው። "እማዬ፣ ጥርሴን ይዤ አሰላ ቁጭ ብዬ ለማን ልሳቅ?" አልኳት።

አኮረፈችኝ። ሳምንቱን ሙሉ አኩርፋ ሰነበተች፤ ሰላምታዬን በጉሮሮዋ ነበር የምትመልሰው። እኔ ይግባኙን አስገባሁ፣ ቀን ተቆረጠልኝ። በቀጠሮው ጠዋት ስነሳ እናቴ ከእኔ ቀድማ ታጥባ፣ የክት ነጠላዋን ለብሳ፣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። "እስከ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?" አለችኝ።

ነቀላው እዚያው ቢሮው ውስጥ ነበር፤ አላመመኝም። ደንዝዞ ስለነበር የሰማሁት ድምፁን ብቻ ነው፤ ደረቅ እንጨት ቀስ ተብሎ ሲሰበር ዓይነት። ዶክተር ሶሬቲ ጥርሱን አጥባ በጨርቅ ላይ አሳየችኝ። ሥሩ ረጅም ነው፣ ከጠበቅሁት እጥፍ ይሆናል። ያን ያህል ዘመን ሳቅ ሳቅ ስል ከግማሽ በላዩ ድድ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። ናትናኤል ተቀብሎ መሰንጠቂያው ውስጥ አስገባው፣ አንዱን ግማሽ ማንበቢያው ላይ አስተኛው። እናቴ ጎኔ ተቀምጣ እጄን ይዛለች።

መሣሪያው ከላይ ወደ ውስጥ እያነበበ በድምፅ ይናገራል። "አሰላ" አለ። ይሄ ኢናሜሉ ነው። ከዚያ ዴንቲኑ ውስጥ ገባ። "አሰላ" አለ ደግሞ። "አሰላ።" ናትናኤል ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ። በቃ፣ ጥርሴም ሄደ፣ እኔም ሄድኩ አልኩ በልቤ። አፌ ውስጥ ያለው ጥጥ ደም ደም ይለኛል።

"ዝዋይ" አለ መሣሪያው።

እናቴ ቀና አለች። "ጀሪካኑን የሰጠሁባት ዓመት ናት!" አለች ጮክ ብላ።

"ዝዋይ" አለ መሣሪያው፤ "ዝዋይ"፤ "ዝዋይ"። ወደ ውስጥ እየጠለቀ ሲሄድ ምልክቱ እየደከመ መጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ናትናኤል ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የተጣራው ውሃ ዘመን ላይ ደርሶ ይመስለኛል፣ "ዝዋይ" አለ። እስከ መጨረሻዋ እስከ ዘንድሮዋ ስስ ሽፋን ድረስ እንደዚያው አለ። እናቴ በእያንዳንዱ ቃል እጄን ጫን ታደርጋለች።

"ነዋሪ" ብሎ ናትናኤል ራሱ አነበበልን፤ መሣሪያው እስኪናገር አልጠበቀም። "እሰይ! እትዬ፣ ነገ ዓሣ አለ?"

"ለአንተ አሳርሬ" አልኩት፤ በአዲሱ ክፍተት ነፋስ ፉት አለ።

የተነበበው ግማሽ ቢሮው ዘንድ ቀረ። ሁለተኛውን ግማሽ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ የባለቤቱ ነው ይላል ደንቡ። ውሃ ማደያው ጋ ስንደርስ እናቴ ካልቆምን ብላ ጎተተችኝ። ፈገግ አልኩ። መስታወቷ ክፍተቱን ትንሽ አየችና ከፈተችልኝ።

ግቢያችን ስንገባ እናቴ እጇን ዘረጋች። "ስጪኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ጥርሱን።"

ሰጠኋት። ወረቀቱን ፈታ ጥላ፣ ጥርሱን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አዞረች። ያ ቆርቆሮ የእኔን የዝናብ ውሃ ያወርድ የነበረው ቆርቆሮ ነው።

"እማዬ! ማስረጃ ማጥፋት ነው፣ እንታሰራለን!"

"ማስረጃው እነሱ ጋ ነው" አለች። "ይሄ የልጄ ጥርስ ነው።" ወረወረችው። ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ግድግዳውን መትቶ ተመልሶ ጫማዋ ላይ ወደቀ። ፈልጌ አነሳሁላት። ሁለተኛ ወረወረች፤ የዝናብ መውረጃውን መትቶ የጎረቤት ዶሮዎች መሃል ገባ፣ ዶሮዎቹ ተንጫጩ። ከዶሮዎቹ ጋር እየታገልኩ አመጣሁላት። በሦስተኛው ኳ ብሎ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። ስትሰማው እንደ ሕፃን "እሰይ!" ብላ ዘለል አለች፤ ሰማንያ ያለፋት ሴትዮ።

ሳቄ መጣ። ከሰኔ ወዲህ ከልቤ ስስቅ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው። ሳቄ ሲመጣ እጄ ቀድሞኝ አፌ ላይ ወጣ። እኔ አላዘዝኩትም።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ሳቅሽ ለምን ታፈነ?" አለች።

በዳሰሳ መጥታ ክንዴን አገኘች፣ ከክንዴ ወደ መዳፌ ወጣች፣ አፌ ላይ መሆኑን አወቀች። በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች አወረደችው።

"እጅሽን አውርጂ" አለች። "ለዚህ አይደለም ያን ሁሉ ውሃ የተሸከምኩት።"

እጄን አልለቀቀችም፣ በሁለት እጇ እንደያዘችው ነው። እኔ ክፍተቴን ይዤ እንደገና ሳቅሁ፤ ነፋሱ ፉት እያለ። ያ ድምፅ እሷንም አሳቃት። የምትሸፍንበት እጅ አልነበራትም፣ ሁለቱም እኔን ይዘዋል፤ ስለዚህ አፏን ከፍታ ሳቀች። የእናቴን ጥርስ በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው።